በዓመት አንዴ የሚወጣ ዲስክ

«ዛሬም ዲስኩን አላወጣም ካለችሽ እግሯ ላይ ውደቂ» የሚል የሴት ድምፅ፣ ሐረገ ወይን የፎቶ ቤቷን የቆርቆሮ በር ልትከፍት መወርወሪያውን ስትስብ ከውጭ ተሰማት። እጇ ብረቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሌላ፣ ደከም ያለ ድምፅ መለሰ፤ «እወድቃለሁ እንጂ። ለልጄ ያልወደቅሁ ለማን ልወድቅ ነው።» የታኅሣሥ ውርጭ በበሩ ስንጥቅ እየገባ እግሯን ያቆራምዳታል፤ ሰውነቷን የወረራት ብርድ ግን የውርጩ ብቻ አልነበረም። እግሯ ላይ የሚወደቅላት ሰው መቼ ሆነች? ዳኛ አይደለች፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር አይደለች። ንፋስ መውጫ ላይ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ አንድ ካሜራ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ ቀይ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው አጠገብ ደግሞ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ፣ ኮት ለሌለው ደንበኛ ሁሉ የሚዋስ አንድ ጥቁር ኮት ያላት ሴት ናት። ጉርድ ፎቶ አራቱን በሃያ ብር ታጥባለች፤ በቃ፣ ይኸው ነው ሥልጣኗ። የቱ ዲስክ እንደሆነ ግን ጠይቃ መረዳት አላስፈለጋትም። አገር የሚያውቀው ዲስክ ነው።

አገር ያወቀው በሹፈት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቫይረስ ይህችን ፎቶ ቤት ጉድ ሠርቷት ነበር። ያስገባው ታናሽ ወንድሟ ይሁኔ ነው። የደንበኛ ስልክ ላይ ዘፈን ልጫን ብሎ፣ በየሰው ኪስ ሲዞር የከረመ ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ፤ በማግስቱ የሠርጉ፣ የክርስትናው፣ የተማሪው ፎቶ ሁሉ ስሙ ብቻ ቀርቶ ሲነኩት የማይከፈት ሆነ። ግማሹን እንደምንም አዳኑት፤ ግማሹ ቀረ። ስንት የሙሽራ እናት በዚያ ሰሞን መጥታ አልቅሳባታለች፣ አንዳንዷም ረግማታለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሐረገ ወይን ከዚያ ወዲህ ፍላሽ የያዘ ሰው ሲገባ ዐይኗ ከእጁ ላይ አይነሣም። ይሁኔን ካሜራ እንጂ ኮምፒውተር እንዳይነካ ከለከለችው። ባሕር ዳር ወርዳ ሃርድ ዲስክ ገዛችና የዳነውን ሁሉ ገለበጠችበት። ከዚያ ወዲያ ዲስኩ የሚወጣው በዓመት አንድ ጊዜ፣ የጥምቀት ማግስት ነው፤ ሱቁ ተዘግቶ ደንበኛ በሌለበት የዓመቱን ፎቶ ትገለብጥበታለች፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ደግሞ ጠራርጋ ታጠፋዋለች፤ የሰው ፍላሽ የሚገባበት ዕቃ ነውና አታምነውም። ከዚያ ዲስኩን ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች። ዓመት እስኪመለስ ለማንም፣ ለምንም አይወጣም። የሰፈሩ ጎረምሶች፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ «የሐረገ ወይን ታቦት ዘንድሮ ውጭ ያድራል ወይስ ይገባል?» እያሉ ይስቁባታል። እሷ አይከፋትም ነበር፤ እንዲያውም በሆዷ ደስ ይላታል። መጠንቀቅ ማለት ይህ አይደለም ወይ? ይሁኔ ብቻ አልፎ አልፎ፣ «እትዬ፣ ዲስክ ብቻውን እኮ አይበቃም፤ ሌላ ግልባጭ ይኑረው፤ እሱንም እየከፈትሽ እዪው» ይላታል። ቫይረስ ያስገባ ሰው ስለ ዲስክ ሊመክራት! አልሰማችውም።

በሩን ከፈተች። ሁለት ሴቶች ከደጃፉ አግዳሚ ላይ ብድግ አሉ። ባለ ደካማ ድምፅዋን አወቀቻት፤ ወይዘሮ ታንጉ ናቸው፤ ከአርብ ገበያ ወዲያ ካለ ገጠር የሚኖሩ የገበሬ ሚስት። ባለፈው ሰኔ መጥተው ነበር። ያኔ ልጃቸው ልመንህ በመተማ በኩል አገር ጥሎ መውጣቱ ነው፤ «ግድግዳ ላይ የምሰቅላት አንዲት ፎቶ» ብለው ለመኗት። ልጁ ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ስንቅ እየመጣለት የተማረ ነው፤ የዐሥረኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገብ እዚሁ፣ ቀዩ መጋረጃ ፊት ተቀምጦ ጉርድ ፎቶ ተነሥቷል። ሐረገ ወይን ያን ቀን ቀና ብላ እንኳ ሳታያቸው፣ «ለአንድ ጉርድ ፎቶ ብዬማ ዲስኩን አላወጣም፤ የጥምቀት ማግስት ይምጡ» አለቻቸው። እሳቸውም «እሺ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብለው ሄዱ። አሁን ጥቁር ለብሰዋል። ከሻሻቸው ሥር ጠጉራቸው ተላጭቷል።

«እንዴት አደሩ እናቴ» አለች ሐረገ ወይን።

የመለሰችላት አብራቸው የመጣችው እህታቸው ውብነሽ ናት። መርዶው እሑድ እንደ ተነገራቸው፣ ልጁ ከሊቢያ ወዲያ ባሕር ላይ እንደ ቀረ፣ ከጀልባው የተረፈ ያገር ልጅ ደውሎ እንዳረዳቸው፣ ለቅሶው ለነገ እንደ ተቆረጠ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። «ሬሳ የለን። ምን ላይ ነው የምናለቅስ? ልብሱም ቢሆን ደህና ደህናውን ለብሶት ሄደ፤ ቤት የቀረው ቡትቶ ነው። ትምህርት ቤቱም ሄድነ፤ ቅጹ ከነፎቶው ወደ በላይ ተልኳል አሉን። በስልክ የተነሣው ከጓደኛው ስልክ ጋር ባሕር ገባ። አንች ዘንድ ያለችው ብቻ ናት የቀረችን።» ሐረገ ወይን ማብራሪያ የሚያሻት ሰው አልነበረችም። ስንት ሟች በትልቁ አጥባ፣ ዙሪያውን ጥቁር ጨርቅ አድርጋ ለለቅሶ ሰጥታለች። ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ፎቶው ነው ሜዳው መሐል የሚቆመው፤ አልቃሿ ግንባሩን፣ ዐይኑን እያየች ነው የምትገጥምለት፤ እናት ደረቷን የምትደቃው ወደ እሱ እያየች ነው። እሱም ከሌለ ሕዝቡ ባዶ ሜዳ ከቦ ይቆማል፤ እናትም ልጇ መሞቱን እንዳላመነች ትኖራለች። ከዚህ የከፋ የለም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ነው እያሉ መኖር።

«አወጣዋለሁ» አለች ወዲያው። «አሁኑኑ አወጣዋለሁ። በማርያም ይቀመጡልኝ።» ታንጉ እጇን ያዙና ሳሙት። ከንፈራቸው ደርቆ እጇን ሻከራት፤ እሷም እጇን ለመንጠቅ ዘገየች።

ሳጥኑ ከአልጋዋ ሥር ነው፤ ቁልፉ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ይውላል፣ ያድራል። ክዳኑን ስትከፍተው የብል መድኃኒት ሽታ ፊቷን መታት። የሟች እናቷ ጥለቱ የደበዘዘ ነጠላ፣ በነጠላው ውስጥ ፌስታል፣ በፌስታሉ ውስጥ ካርቶን፣ በካርቶኑ ውስጥ ዲስኩ። አንድ ጭረት የለበትም። ፈትታ ስታወጣው፣ ምን ይደረግ፣ የሰው ልጅ ነችና፣ ከኀዘኑ ጋር ትንሽ ኩራትም ተሰማት። ያን ሁሉ የተሳቀብኝ ለዛሬ ነበር፣ ይኸው የሰው ልጅ መልክ ጠብቄ አቆየሁ፣ እያለች ነው ወደ ሱቁ የተመለሰችው። ሴቶቹ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ጾም ነው፤ ከቤታቸው ሲወጡ ምንም አልቀመሱም፣ አሁንም ሻይ ልዘዝላችሁ ስትላቸው እንቢ አሉ። ኮምፒውተሩን አስነሣች፤ የማንም ፍላሽ አለመሰካቱን ጎንበስ ብላ አየች፤ ገመዱን አገናኘች።

ዲስኩ መዞር ጀመረና ውስጡ አንድ ነገር እንደ ጥርስ ተንቀጫቀጨ። ተክ፣ ተክ፣ ተክ አለ። ዝም አለ። እንደገና ተክ፣ ተክ አለ። የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ብዙ የማታውቀው እንግሊዝኛ መጣ፤ የምታውቀውን ያህል ስታነብበው ግን ዲስኩ ባዶ ነው፣ ከመጀመሪያው ላሰናዳልሽ ወይ፣ ይላታል። እሺ ካለችው ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደሚያጠፋ ታውቃለች፤ እንቢ አለችው። ገመዱን ነቅላ በሌላ ቀዳዳ ሰካች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሣች። እመብርሃንን ተሳለች። ተክ፣ ተክ። ያን ጊዜ የአምናው የጥምቀት ማግስት ትዝ አላት፤ ልቧ ለብቻው ያውቀው የነበረ ነገር። እየገለበጠች ሳለ መብራት ሄደ፤ ቆይቶ መጣ፤ ዲስኩ ሲነሣ ይህቺኑ ድምፅ በትንሹ አሰማ፤ ግልበጣው ግን አለቀ ተባለ። አንድ ፎቶ እንኳ ከፍታ ሳታይ፣ ብዙ በነካሁት ቁጥር ይጎዳል ብላ ቶሎ ጠቀለለችው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውንም እንደ ልማዷ ጠራርጋ አጠፋች። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። እሷ ዐይኗን ከአፈር ስትጠብቅ የኖረች መስሏት ነበር እንጂ፣ ከአንድ ዐይን በላይ ሊኖራት እንደሚችል አስባው አታውቅም።

«ምነው?» አለች ውብነሽ።

«ትንሽ አስቸገረኝ። ሞላ ዘንድ ደርሼ እመለሳለሁ» ብላ ዲስኩን በነጠላዋ ሥር ይዛ ወጣች። ሞላ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተርና ስልክ የሚጠግን ሰው ነው። መንገዱ ላይ እጇን አነሣች፤ የቆመላት ባጃጅ የይሁኔ ሆነ። ይሁኔ ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ ፎቶ ቤቱን ትቶ የሰው ባጃጅ ይነዳል። የሚኖረው ግን እዚያው ግቢ፣ ከጀርባ ባለችው ክፍል ነው። እራቱን በሳህን ከበሩ ላይ ታስቀምጥለታለች፤ ሳህኑ ጠዋት ታጥቦ ከበሯ ላይ ይገኛል። «እንደምን አደርሽ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባባላሉ፤ እዚያ ላይ ያበቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ እትዬ ነበር የሚላት፤ ከሐምሌ ወዲህ ግን በምንም ስም ጠርቷት አያውቅም። የሚጠራት ነገር ሲያጣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አሁንም ከኋላ ስትገባ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ባጃጁ ላይ የከፈተውን መዝሙር ቀነሰ፣ «ወዴት?» አለ። «ሞላ ዘንድ» አለች። ነጠላዋ ሥር የያዘችውን በመስታወቱ አየ፤ ታኅሣሥ ላይ ያ ዲስክ ከቤት ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። መንገዱን ሙሉ የተነፈሰው ባጃጁ ብቻ ነው።

ሞላ ዲስኩን ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘ፤ ከዚያ አንሥቶ ጆሮው ላይ አስጠጋው። «ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ከፈትሽው?»

«ለጥምቀት።»

«ለአምናው? ስትገለብጪ መብራት ሄዶብሽ ነበር?»

ራሷን ነቀነቀች። እሱም ራሱን ነቀነቀ፤ የእሱ አነቃነቅ ግን የሐኪም ነበር። አዲስ አበባ እንዲህ ያለውን የሚከፍቱ አሉ ሲባል ሰምቷል፤ ዋጋው የማይቀመስ ነው፣ ይሳካም እንደሆነ ማንም አይምልላትም፤ ለነገ ግን የማይሆን ነገር ነው። «ሌላ ግልባጭ የለሽም?» አላት።

«ይኸው ነው ግልባጩ።»

«እሱማ ግልባጭ የሚባለው ዋናው ሲኖር ነው» አለ ሞላ፣ ሊያስቀይማት ሳይሆን እንዲያው እውነቱን። ሐረገ ወይን «ቫይረስ ይሆን?» ብላ ጠየቀችው። በውስጧ አዎ እንዲላት ትመኝ ነበር። «ቫይረስ በየት በኩል ይገባል» አለ ሞላ፣ «አንቺ ቆልፈሽበት።» የፈሩት ይደርሳል ሲባል እሷ የፈራችው በበሩ የሚመጣውን ነበር፤ የደረሰው ግን ከቆለፈችበት ሳጥን ውስጥ ነው።

ይሁኔ ባጃጁን አቁሞ የሞላን በር ተደግፎ ቆሟል። ጉሮሮውን ጠረገ። «የማንን ነው የምትፈልጊው?»

«የልመንህን። የወይዘሮ ታንጉን ልጅ። ሞቶ… ነገ ለቅሶው ነው፤ ፎቶ የላቸውም።»

ይሁኔ ወደ መሬት አየ። «እሱ እኔ ዘንድ ነበር» አለ።

ሐረገ ወይን ከበርጩማው ተነሣች። «የት? የት ነው ያለው?»

«ነበር ነው ያልኩሽ። ሰማያዊው ፍላሽ ላይ።»

እንደገና ተቀመጠች። ይሁኔ ከሚያነሣው ፎቶ ሁሉ፣ የካሜራውን ሚሞሪ ለእሷ ከማስረከቡ በፊት፣ በሰው ኮምፒውተር በራሱ ፍላሽ ላይ ግልባጭ ይይዝ እንደነበር ያን ዕለት ሰማች። ከቫይረሱ ዓመት ጀምሮ ለማንም ሳይናገር፣ የራሱን ጥፋት ለራሱ ሲክስ ኖሯል። ሰኔ ላይ ታንጉ ሲለምኗት እሱ ከቀዩ መጋረጃ ኋላ መብራት ሲያስተካክል ሰምቶ ነበር። ፍላሹን ሰው ዘንድ ወስዶ ከፈተ፤ የልጁን ፎቶ አገኘው። ሐምሌ ላይ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ታንጉ ገበያ እንደ ወጡ አየና፣ እሷ ለጥቂት ጊዜ ወጣ ስትል አትሞ ሊሰጣቸው ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ። ከዚያ ያለውን መንገር አላስፈለገውም። ከዚያ ያለውን እሷም ታውቃለች። ስትመለስ ያ ሰማያዊ ነገር ኮምፒውተሯ ጎን ላይ ተሰክቶ አየች፤ ደንበኞች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ «ዳግመኛ ልትገድለኝ ነው!» ብላ ነቀለችው፤ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ፍሬም በምትመታበት መዶሻ ቀጠቀጠችው። አንድ ጊዜ አይደለም፤ እስኪደቅ። ከደንበኞቹ አንዱ ሳቀ። ይሁኔ አልሳቀም፣ አልተቆጣም፤ ስብርባሪውን በእጁ ሰብስቦ ወጣ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ሰው ተቀምጦ ነበራ። ታላቄን ሰው ፊት ተሳስተሻል ልበላት? ማታ እነግራታለሁ ብዬ ነበር።» የባጃጁን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «ማታ ሳህኑን በሩ ላይ አስቀምጠሽልኝ ገባሽ።»

ሲመለሱ ሐረገ ወይን ምን ብላ እንደምትነግራቸው ታሰላስል ነበር። እውነቱን ለመናገር ከመንገዱ እኩሌታ ላይ መላ አግኝታለች። በዚህ ከተማ ቫይረስ የማይሸከመው ጥፋት የለም። የተማሪ ውጤት ሲጠፋ ቫይረስ ነው፤ ማመልከቻ ሲጠፋ ቫይረስ ነው፤ ቪዲዮ ቀራጩ ሠርግ ላይ ሰክሮ የሙሽራዋን መግቢያ ሳይቀርጽ ቢቀር እንኳ ቫይረስ በላው ይላል፤ ሰውም እግዚአብሔር ያመጣውን ምን ይደረጋል ብሎ ይሄዳል። ታንጉም ያምኗታል። በሽታ መሆኑን ያውቃሉ፤ በሽታን ማን ይቀየማል? ሁለት ቃል ናት፤ «ቫይረስ በላው»፤ ከዚያ በሯን ዘግታ ማልቀስ ትችላለች። ባጃጁ ቆመ። ታንጉ ሲያዩዋት ከአግዳሚው ተነሡ፤ እጃቸውን ወደ ፊት፣ ዕቃ እንደሚቀበል ሰው ዘርግተው ነበር።

«ቫይረስ…» ብላ ጀመረች። ታንጉ የልጅ ዐይን በመሰለ ዐይን አዩዋት፤ የምትላቸውን ሁሉ ሊያምኑ የተዘጋጁ ነበሩ። ይህ ነው ያልቻለችው። «አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።» ከዚያ ሳታሳምር፣ ሳትቀንስ ነገረቻቸው፤ ዲስኩ እንደ ተበላሸ፣ በሰኔ ቢከፈት ኖሮ ምናልባት ይደረስበት እንደነበር፣ ወንድሟ ሊሰጣቸው የያዘውንም በገዛ እጇ በመዶሻ እንደ ሰበረችው። ስትጨርስ እግራቸው ላይ ወደቀች። የወይዘሮ ታንጉ የፕላስቲክ ጫማ በመንገድ አቧራ ነጭ ሆኗል፤ ግንባሯን እዚያ ላይ አደረገች።

«ያን ጊዜ ብትሰጫት ኖሮ እኮ እስከ ዛሬ ግድግዳዋ ላይ ነበር!» ብላ ውብነሽ ጮኸች። «አንዲት ጉርድ ፎቶ! አንዲት!»

«ተይ» አሏት ታንጉ። ጎንበስ ብለው ሐረገ ወይንን በክንዷ ያዙ። «ተነሽ ልጀ። እኔ ነበርሁ ልወድቅልሽ የመጣሁት።» ድምፃቸው ቁጣ ቢኖርበት በተሻላት። አልነበረበትም፤ ወደ ሱቁ ውስጥ ዐይናቸውን ላኩና፣ «የት ላይ ነው የተቀመጠ?» አሉ።

መልሱን ያወቀው ይሁኔ ነው። ገብቶ ቀዩን መጋረጃ ገለጥ አደረገላቸውና በርጩማዋን አሳያቸው። «እዚች ላይ። ቀና በል ስለው ይስቅብኛል። በጉርድ ፎቶ አይሳቅም ብዬ ደጋግሜ ነው ያነሣሁት።» ታንጉ ሄደው በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ያየውን ለማየት ይመስል ካሜራ በሚቆምበት በኩል ትክ ብለው አዩ፤ እዚያ በኩል ያለው የተላጠ ግድግዳና የአምና የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው። «ሳቀ?» አሉ። «እኔን መስሎ ነው የሚስቅ፤ ጥርሱን እየሸፈነ።» ይሁኔ «አዎ፣ በእጁ ይሸፍን ነበር» አለ። «ምን ለብሶ ነበር?» አሉ ደግሞ። ይሁኔ ሐረገ ወይንን አየት አደረገና ከምስማሩ ላይ ጥቁሩን ኮት አወረደው። «ይህንን። እጅጌው አጥሮት ነበር።»

ኮቱን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ኮቱ የስንት ልጅ ላብ፣ የስንት ልጅ ቅባት የያዘ ኮት ነው፤ አንገቱ ላይ አብርቷል፣ የእጅጌው ሽፋን ተቀድዷል። ታንጉ እጅጌውን በጣታቸው እየለኩ፣ «እጁ እንዲህ ይወጣል ማለት ነው» ሲሉ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። ውብነሽ ከበሩ ላይ፣ «ኧረ እቴ፣ ስንቱ የለበሰውን!» አለች። «ይልበሰው» አሉ ታንጉ፣ «የኔም ልጅ ለብሶታል።» ቀና ብለው ሐረገ ወይንን አዩና፣ ዕቃ እንደሚዋስ ጎረቤት በትሕትና፣ «ለነገ አውሽኝ እስኪ። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ እመልሰዋለሁ» አሏት።

«አይመልሱት» ልትል ፈልጋ ነበር። ከጓዳ ገብታ ዲስኩ ተጠቅልሎበት የነበረውን የእናቷን ነጠላ አመጣች፤ ኮቱን እጥፋቱን አስተካክላ በሱ ጠቀለለችው፤ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ነጠላው የብል መድኃኒት ይሸታል። ታንጉ ደረታቸው ላይ አቅፈው ይዘው ወጡ። ይሁኔ በባጃጁ መናኸሪያ ሊያደርሳቸው ወሰዳቸው። ሐረገ ወይን በሩ ላይ ቆማ እስኪታጠፉ አየቻቸው። ነገ ሕዝቡ ከቦት የሚቆመው ነገር ፊት የለውም፤ አልቃሿ ምኑን አይታ እንደምትገጥም አታውቅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖባት፣ ሰኔ ላይ ማድረግ የነበረባትን አሁን በሐሳቧ ታደርገዋለች፤ ሳጥኑን ትከፍታለች፣ ዲስኩን ታገናኛለች፣ ፎቶዋን አጥባ በፖስታ ትሰጣቸዋለች፣ እሳቸውም መርቀዋት ይሄዳሉ። አንድ አፍታ ነበር የሚፈጀው። እንደዚያ ያለችው ሐረገ ወይን የትም የለችም፤ ያለችው ይህችኛዋ ናት።

ከሰዓት በኋላ ይሁኔ ተመለሰ። ባጃጁ ወንበር ላይ የረሳችውን ዲስክ ይዞላት መጥቶ ነው። ጠረጴዛው ላይ አኖረላትና ሊወጣ ሲል አንድ ተማሪ ገባ፤ ጠጉሩን በውኃ ያስተኛ፣ የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰ ረጅም ልጅ። የፈተና ምዝገባ ደርሶ ነው፤ ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል። መጋረጃው ፊት ቆመና ምስማሩን አይቶ ዞረ።

«ኮቱስ?» አለ።

«ኮቱ ለቅሶ ሄዷል» አለች ሐረገ ወይን።

ልጁ ሳይገባው በሹራቡ ተቀመጠ። ካሜራውን አነሣችና ለይሁኔ ዘረጋችለት። እሱም ተቀበላት። «ቀና በል» አለው ልጁን፤ መብራቱ ብልጭ አለ፤ ደግሞ አነሣው። ልጁ ሃያ ብሩን ከፍሎ ማታ ሊመለስ ወጣ። ሱቁ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ። ውጭ አቧራ ይዞ የሚወርደው ነፋስ የቆርቆሮውን በር ይደበድባል። ሐረገ ወይን ከማተቧ ላይ የሳጥኑን ቁልፍ ፈትታ ከዲስኩ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ኮምፒውተሩን ክፈተው» አለችው ሳታየው። «ፎቶውን እዚያ አስገባና፣ ባንተም ፍላሽ ላይ ያዝልኝ።»

ይሁኔ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጉሮሮውን አልጠረገም።

«ፍላሽ የለኝም፣ እትዬ» አለ።